ገበያ የወረደው ወንበር

ከወንበር ላይ የወደቀ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ወንበሩ ራሱ ተሸክሞ ገበያ ያወረደው ሰው ግን ከእኔ ሌላ እስካሁን አላጋጠመኝም። ካለ ይምጣና እንጨዋወት፤ ሁለት ብንሆን ሐሜቱን እንካፈለዋለን።

ነገሩ የደረሰብኝ መካነ ሰላም ነው። ጊዜው አረብ አገር ያሉ ልጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር በስልክ እየተያዩ ማውራት የጀመሩበት ጊዜ ነው። መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ኔትወርክ ደግሞ እንደ እንግዳ የሚወደው ቦታ ነበረው፤ እኛ ግቢ ሲመጣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ካልሆነ አይገኝም።

እኔ ያኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። የኤሌክትሪክ ሞተርን ለአሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በጠመኔ። ማግኔቱን በነጭ ጠመኔ እሥላለሁ፣ ሽቦውን በቀይ፤ ቀዩ ሲያልቅ ሽቦውንም በነጭ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ይዞራል?" ብለው ሲጠይቁኝ "በደንብ ይዞራል" እላቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም። ቢሆንም ወደፊት ነዳጅ የማይጠጣ መኪና፣ ሾፌር የማያስፈልገው አውቶቡስ እንደሚመጣ ስነግራቸው ራሴ የሠራሁት እስኪመስል ድረስ ደረቴን እነፋ ነበር። እውቀት እንደ ውሰት ልብስ ነው፤ የራስህ አለመሆኑን እስኪረሱልህ ድረስ ያምርብሃል።

አባቴ ጋሽ ይመር ይህን ወሬዬን አይወዱትም ነበር፤ በተለይ ሾፌር የማያስፈልገውን አውቶቡስ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ከደጎሎ ገብስና ስንዴ፣ ከወግዲ ጤፍ እየጫኑ ደሴ ያራግፉ ነበር። "ያን ጊዜ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኛ ነን በጎማ የጻፍነው" ይላሉ። ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን የረገጡበት ግራ ጉልበታቸው አንድ ቀን በቃኝ አለ። ቀኙም በቅናት ተከተለው። ከቤታችን እስከ መስጊድ ያለው መንገድ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው፤ ለአምስት ወር ጁምዓ አልሄዱም። ከበሩ ሥር ቁጭ ብለው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይመረምራሉ። "ይኸ ፍሬኑ አልቋል" ይላሉ፤ "ይኸ ሾፌሩ ነው ያለቀው።"

እናታችን ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። እህቴ ከድጃ ዱባይ ናት፤ አንዲት ባለጸጋ አሮጊት ታስታምማለች። አሮጊቷ አዲስ ወንበር ሲገዛላት ቤተሰቦቿ አሮጌውን ለከድጃ ሰጧት፤ ከድጃም ከሚመለሱ ልጆች ዕቃ ጋር ላከችው። ደሴ ደረሰ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ከስኳር ጆንያ በላይ ተቀምጦ መካነ ሰላም ገባ። እኔና አባባ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ከድጃ ያለችን "ዕቃ ልኬያለሁ" ብቻ ነው።

ሳጥኑን ለአራት ተሸክመን ስናስገባ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በአጥሩ ክፍተት አዩን። እትዬ በላይነሽ የሰፈሩን ወሬ ከሬዲዮ ቀድመው የሚያደርሱ፣ ደግነታቸውም ወሬያቸውም የማያልቅ ሴት ናቸው።

"ልብስ ማጠቢያ ነው" አሉ። "ክብደቱ ያስታውቃል። አብሽር፣ ከእንግዲህ ጋቢህ ነጭ ይሆናል።"

ከፈትነው። ጥቁር ወንበር ነው፤ ከኋላ ሁለት ትልልቅ፣ ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት። በቀኝ ክንዱ ላይ እንደ አውራ ጣት የምታክል ዘንግ ቆማለች፤ ከሥሯ ማብሪያ፣ ከማብሪያው ጎን የክላክስ ምልክት ያለባት ቁልፍ። ከመቀመጫው ሥር ሁለት ባትሪ፣ ከባትሪዎቹ ጎን ደግሞ እኔ በጠመኔ ሥዬ የማልጠግበው ነገር፤ ሞተር። እውነተኛ ሞተር። ተንበርክኬ ሳየው አባባ ከላይ ሆነው እኔን ያዩኛል።

"ምንድን ነው?"

"ወንበር ነው አባባ። በባትሪ የሚሄድ።"

"ለማን?"

ዓይኔ ሳላስበው ጉልበታቸው ላይ አረፈ። እሳቸውም ገባቸው።

"ሽባ ሆነዋል ብሎ የነገራት ማን ነው?"

"ማንም አልነገራትም። ጉልበትዎን ስለሚያምዎ ብላ ነው እንጂ።"

"ጉልበቴን ያመኛል፤ እግር ግን አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጭኖ የኖረ ሰው በስተርጅና ራሱ ተጭኖ ከተማ ለከተማ አይዞርም።" ከዘራቸውን አንሥተው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ግን ሾፌር ሾፌር ነው። ሰዓት ሳይሞላ ከበሩ ሆነው "ፍሬኑ የት ነው?" አሉኝ።

"ፍሬን የለውም። እጅዎን ከዘንጉ ላይ ሲያነሡ ራሱ ይቆማል።"

"እጅ ሲነሣ የሚቆም መኪና የለም። እጅ ሲነሣ ገደል ነው የሚገባው። ማርሹስ?"

"ማርሽም የለውም።"

"ታዲያ ዳገት በምን ይወጣል?"

ይህን ጥያቄ ለአሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ስለ ማግኔት፣ ስለ ሽቦ፣ ስለ ኃይል ረጅም ትምህርት ሰጠኋቸው። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "አላወቅህም ማለት ነው" አሉ።

መመሪያ ወረቀቱን ብናነብ ይሻል ነበር። ወረቀቱ በብዙ ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ የለበትም። የእንግሊዝኛውን ገጽ መንገድ ላይ ዝናብ በልቶታል። በደህና የተረፈው አረብኛው ነው። እኔ አረብኛ ፊደል አልቆጥርም፤ አባባ ግን በልጅነታቸው ቁርአን ቀርተዋል፤ ማንበብ ይችላሉ፣ ትርጉሙን አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። ለማንበብ የሚያውቁት አንድ ዜማ ብቻ ስለሆነ በዚያው ዜማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ከፍ እያደረጉ፣ ስለ ባትሪና ስለ ብሎን የተጻፈውን አንድ ገጽ አንቆረቆሩት። ወላሂ፣ ያምር ነበር።

"ምን ይላል?" አልኳቸው ሲጨርሱ።

"እሱን አላህ ያውቃል።"

ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ በላይነሽ ድምፅ መጣ። "ጋሽ ይመር፣ ደህና ናችሁ? ማን ታሞባችሁ ነው ቁርአን የሚቀራው?"

"ማንም አልታመመም በላይነሽ። የወንበር ወረቀት ነው የማነበው።"

እትዬ በላይነሽ መልስ አልሰጡም። እሳቸው ዝም ካሉ ወሬ እየገጣጠሙ ነው። ያን ጊዜ ሄጄ ወንበሩን ባሳያቸው ኖሮ ይህን ወግ አላወራችሁም ነበር።

ባትሪውን ለመሙላት መብራት ሁለት ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ የቻርጀሩ መብራት ቀይ ሆኖ ውሎ አረንጓዴ ሳይሆን መብራቱ ተመልሶ ሄደ። "ግማሽም ቢሆን ይበቃል" አልኩ ለራሴ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጠዋቱ ጭጋግ ነው፤ አባባ ቤት ውስጥ ናቸው። ጋቢዬን ተከናንቤ ወንበሩን ግቢው መሐል አወጣሁትና ተቀመጥኩ። ያሰብኩት አንድ ዙር ነው። አንድ ዙር ዞሬ፣ አባባን ጠርቼ "ይዩት፣ አይገድልም" ልላቸው።

ማብሪያውን ተጫንኩ፤ አንዲት ትንሽ መብራት በራች። ዘንጓን ወደፊት ነካ አደረግኋት። ከሥሬ የንብ ቀፎ የሚመስል ድምፅ ተነሣና ወንበሩ ሄደ። ሳቄ አመለጠኝ። አሥራ አንድ ዓመት እውነት ነው እያልኩ የማልኩበት ነገር እውነት ሆኖ ከሥሬ ያጉረመርማል። ዶሮዎቹ ሸሹ። እኔም በደስታ ብዛት በሩ ክፍት መሆኑን ያየሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ልቁም ብዬ እጄን አነሣሁ። ወንበሩ አልቆመም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጋቢዬ ዘርፍ ዘንጓ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ከጉልበቴ ሥር ተወጥሮ፣ ወደፊት እንደተገፋች ይዟታል። በሳብኩት ቁጥር ይጠብቃል። ከፊቴ ደግሞ ያለው ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ነው።

"ለምን አልዘለልክም?" ትሉ ይሆናል። ሁሉም ይሉኛል። ወንበሩን ብቻውን ብለቀው ሰው ይገጫል ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልታሰበኝም። "ማብሪያውን ለምን አላጠፋህም?" የሚሉም አሉ። እሱም ከጋቢው ሥር ነበር፤ ደግሞም እሱም አልታሰበኝም። የተማረ ሰው ሲደነግጥ የሚመጣለት ቀመር ነው። የቁልቁለቱን ማዕዘን እየገመትኩ ነበር።

ወንበሩ ይሮጣል ማለቴ አይደለም። ቢሮጥ በተሻለኝ። ፍጥነቱ ከእግረኛ ትንሽ ይበልጣል፣ ከበቅሎ ትንሽ ያንሳል። ከሰው ለማምለጥ የማያበቃ፣ ሰው ግን በደንብ እንዲያይህ የሚያበቃ ፍጥነት ነው። ገበያ የሚወርደው ሁሉ ዞር ብሎ ጋቢ ተከናንቦ በበሽተኛ ወንበር ላይ የተቀመጠውን አስተማሪ ያያል። ተማሪዎቼ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በእኛ አገር ሰው አግኝቶ ሳይቆሙ ማለፍ ከስድብ ይቆጠራል፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጠይቀህ እሱም ያንኑ ጠይቆህ ነው የምትለያየው። እኔ "እንዴት አደራችሁ" ብዬ "አልሐምዱሊላህ"ን ሳልሰማ አልፋለሁ።

የሒሳብ አስተማሪያችን ካለሁበት ደርሶ ከጎኔ መራመድ ጀመረ። ባርኔጣውን አውልቋል።

"መቼ ነው የደረሰብህ?" አለኝ።

"ምንም አልደረሰብኝም። ጋቢው ነው።"

"አብሽር" አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "በጋቢም ይጀምራል።"

"የለም፣ ወንበሩን አቁምልኝ ነው የምልህ።"

"እሺ፣ አይዞህ፣ ብዙ አትናገር። ክፍለ ጊዜህን እኔ እሸፍናለሁ።"

እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ እኔ ቀጠልኩ። ገበያው አፍ ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካኖች ቁመቷን እስኪያልፍ ደርድራ ትሸጥ ነበር። ጀሪካኖቹ መጡብኝ፤ ወይም እኔ ሄድኩባቸው። የተደረደረው ሁሉ እንደ ሠርግ ከበሮ እየተንደቀደቀ በላዬ ተናደ። የፊት ጎማዎቹ ከሁለት ጀሪካን መሐል ተቀረቀሩ፣ የጋቢዬ ዘርፍ ተበጠሰ፣ ወንበሩ ቆመ።

ሴትዮዋ በድንጋጤ ደርቃለች። አፈርኩ። ያፈረ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ብድግ ብዬ ጀሪካኖቿን መሰብሰብ ጀመርኩ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዤ ቀና ስል ገበያው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ከዚያ ከቅቤ ተራ በኩል እልልታ ተነሣ።

"ተነሣ" አለች አንዷ። "በእግሩ ቆመ።"

"የማርያም ጠበል ነው" አሉ አንዲት እናት።

"አይደለም" አለ ጨው ሻጩ። "አባቱ ሰሞኑን ቁርአን ሲቀሩለት ነበር። በላይነሽ ናት የነገረችን።"

"ታዲያ በላይነሽ ጠበሉን ረጭታው ይሆናላ።"

ሁለቱ ወገኖች ለጥቂት ጊዜ ተከራከሩና፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ሁለቱም ሳይረዱት አልቀሩም ብለው ተስማሙ። እኔ መሐላቸው ቆሜ "ታምሜ አላውቅም እኮ፤ ሞተሩን ስሞክር ነው" እላለሁ። ጨው ሻጩ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "ልክ ነህ" አለኝ። "የዳነ ሰው እንዲህ ነው የሚለው።"

ዘንጓን በጣቴ እየነካካሁ፣ ከወንበሩ ጎን በእግሬ እየተራመድኩ ዳገቱን ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግቢያችን ሰው በሰው ሆኗል። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አባባ ከበሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ፣ ኔትወርኩ ካለበት፣ ስልክ ይዘው ቆመዋል። ከስልኩ ውስጥ የከድጃ ልቅሶ ይሰማል።

ኋላ እንደተረዳሁት እትዬ በላይነሽ ስወጣ በአጥሩ ክፍተት አይተውኛል። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ ልጃቸው ከድጃ ጋ ሮጠች። ከድጃም ወንድሟ መራመድ እንደተሳነው፣ ቁርአን እንደተቀራለትና ለአባቷ የላከችው ወንበር ላይ እንደወጣ ሰማች። አባባ ደግሞ ከቤት ወጥተው እኔንም ወንበሩንም አጡን።

አባባ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። "ይኸው መጣ" አሉ በስልኩ። "በእግሩ ነው የመጣው።"

"አባባ አይዋሹኝ" አለች ከድጃ።

"ወላሂ በእግሩ ነው። እንኪ አናግሪው።"

ስልኩን ተቀበልኩ። "ከድጃ፣ እኔ ነኝ። ምንም አልሆንኩም።"

"ይሄ የማን ድምፅ ነው? የአጎቴን ልጅ አስጠርታችሁ ነው?"

"እኔ ነኝ እኮ።"

"እማዬ የሞተች ጊዜም ደህና ናት ነበር ያላችሁኝ" አለች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ። ተኝታለች፣ ገበያ ወጥታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች እያላችሁ።"

ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እውነቷን ነው። እንደዚያ አድርገናል። ሰው አገር ብቻዋን እንዳትጎዳ ብለን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን የእኛ "ደህና ነን" ለከድጃ መርዶ ነው። ፓስፖርቷን እንዲሰጧት አሠሪዎቿን ጠይቃለች። አሮጊቷን ጥላ ከሄደች ተመልሳ እንደማትገባ ነግረዋታል፤ እሷ ግን ልብሷን እያጠፈች ነበር።

"በምስል ልይህ" አለች። "ቆመህ፣ ስትራመድ።"

እትዬ በላይነሽ ስልኩን ይዘው ድንጋይዋ ላይ ወጡ፤ ጥፋታቸውን ለመካስ እጃቸውን እንደ መብራት እንጨት አቀኑት። እኔ ከፊታቸው ተራመድኩ። አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ከድጃ ጮኸች።

"እግሩ ተሰቀለ። አይወርድም።"

ምስሉ ደርቆ ነው። እኔ እግሬን አውርጄ ግቢውን ጨርሻለሁ፤ ዱባይ ያለው እኔ ግን አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ሽመላ ቆሟል። "ዝለል" አሉኝ አባባ። ዘለልኩ። ምስሉ ሲመለስ አየር ላይ ደረስኩላትና እዚያው ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ከተራመድኩ፣ ሁለት ጊዜ ከተቀመጥኩና ከተነሣሁ በኋላ ነው ልቅሶዋን ያቆመችው።

"ታዲያ ወንበሩ ላይ ምን ልትሠራ ወጣህ?"

"ልሞክረው ብዬ።"

"አባባስ?"

ራሳቸው አባባ ስልኩን ከእትዬ በላይነሽ ተቀበሉ።

"ጥሩ ዕቃ ነው" አሉ። "አላህ ይስጥሽ። ለእኔ ግን አይሆንም።"

ከድጃ ግን ቀጠለች። "አባባ፣ አሮጊቷ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በዚያ ወንበር ትወጣ ነበር። እሷ ፊት ትነዳለች፣ እኔ በእግሬ እከተላታለሁ። ሁልጊዜ የማስበው እርስዎን ነው። ጁምዓ እንዴት ሄደው ይሆን እያልኩ። ሲሰጡኝ ሌላ ምንም አልታየኝም።"

አባባ ወንበሩን አዩት። "አሮጊቷ ራሷ ነበረች የምትነዳው?"

"ራሷ።"

"ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ሰማንያ አልፏታል።"

"መንጃ ፈቃድ አላት?"

ከድጃ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በእንባና በሳቅ መሐል ሆና "የላትም አባባ" አለች።

"እኔ አለኝ" አሉ አባባ። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ስልኩን መልሰው ለእትዬ በላይነሽ። ወንበሩን አንድ ጊዜ ዞረው እያንዳንዱን ጎማ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ዘንጓ ላይ ሳይሆን ወደ ላይ ዘረጉ፤ መስተዋት ሊያስተካክሉ ነው። መስተዋት እንደሌለ ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከኋላ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ስጠይቅህ ሳይሆን ቀድመህ ነው የምትናገረው።" በዚህ ረዳት ሆኜ መቀጠሬን ተረዳሁ።

ዘንጓን በሁለት ጣት፣ እንቁላል እንደሚያነሣ ሰው ያዟት። ወንበሩ ተነሣ፤ ለእኔ የዘለለው ወንበር ለእሳቸው ተንሸራተተ። ግቢውን ዞሩ። የበሩን ጥግ በስንዝር አለፉት። ወደ ኋላ ሄደው በግድግዳውና በእንጨት ክምሩ መሐል አስገብተው አቆሙት። የተሰበሰበው ሰው "ማሻአላህ" አለ። አባባ ፈገግ አላሉም፤ ሥራ ላይ ያለ ሾፌር ፈገግ አይልም። ጆሯቸውን ግን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"ይኸ ነገር ምን ይበላል? ለምን አይጮህም? ሲሞቅስ በምን ይታወቃል?" ጥያቄው አያልቅም። እኔም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ "አላውቅም፣ አብረን እንየው" አልኩ።

"ምስሉ ቆመብኝ" አለች ከድጃ። እትዬ በላይነሽ ስልኩን ሊያወዛውዙ ሲሉ "ተዉት እትዬ፣ አይነካ" አለቻቸው። "አባባ ላይ ነው የቆመው።"

በሚቀጥለው ጁምዓ አባባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። በየኩርባው ክላክስ ይመታሉ፤ ኩርባ በሌለበትም ይመታሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ በደንቡ ያቆማሉ፤ ወንበሩን ወደ ዳር ያወጡና ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ። ሰዉም በአምስት ወር የጎደለበትን ሰላምታ ሁሉ ያወርድላቸዋል። ወንበሩን ለማየት የመጣው ሳይቀር ወንበሩን ረስቶ እሳቸውን ያያል። ሰግደው ሲወጡ ጓደኞቻቸው ከበቧቸው፤ ሁሉም ተራ በተራ ክላክሱን ካልመታሁ አለ።

ስንመለስ፣ ዳገቱ መሐል ላይ፣ የንብ ቀፎው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። መብራት ዋዜማውን አልነበረም። ወንበሩ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል አባባ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ታኮ" አሉ።

ሮጬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣሁና ከጎማው ሥር ሸጎጥኩ።

"ባትሪው አልቋል" አልኩ። "ልግፋ?"

ዞር ብለው ከራሴ እስከ ጫማዬ አዩኝ። "ገፍተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"በክንድህ አይደለም፣ በእግርህ ነው የሚገፋው። ድንጋዩን ደግሞ ጥለኸው እንዳትመጣ፣ ያዘው።"

ድንጋዩን በብብቴ ሸጉጬ መግፋት ጀመርኩ። ከባድ ናቸው፤ ከወንበሩና ከባትሪው ጋር ከአንድ ጆንያ ስንዴ ይበልጣሉ። አምስት እርምጃ ሳንሄድ ከማዶ የሚመጣ ሰው "ጋሽ ይመር፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋሉ?" አለ። አባባ እጃቸውን አነሡ። ዳገት ላይ ነን፤ ትንፋሼ አጥሯል፤ ሳንቆም ብናልፍ ይሻለኛል። ድንጋዩን አወጣሁ፣ ከጎማው ሥር አስቀመጥኩ፣ ከኋላቸውም ቆሜ ሰውዬው ስለ ላሞቹ የሚለውን እስኪጨርስ ጠበቅሁ።